አባ ማማ ብዙ ያወራል

መስከረም 18

ከእናት ልጅ ለማላሳንስሽ ለእትዬ፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ሥራና ብርድ እየተፈራረቁብኝም ቢሆን ደህና ነኝ። ጋሼስ እንዴት ናቸው? ቀኝ እጃቸው ዕቃ መያዝ ጀመረ? ሐኪሙ "አንደበታቸው ቀስ በቀስ ሊፈታ ይችላል" ካለሽ ወዲህ አንድ ቃል እንኳ ወጣቸው?

ስልኩን ትቼ በደብዳቤ የመጣሁት አንቺው ስላልሽኝ ነው። ባለፈው ስንደዋወል ጋሼ አጠገብሽ ተቀምጠው ሁሉን ይሰሙ ነበር። "መናገር ያቃተው ሰው ስለ ራሱ ሲወራ መስማቱ ከበሽታው ይብሳል" አልሽኝ። ልክ ነሽ። ከእንግዲህ የልባችንን በወረቀት እናድርገው።

አሁን ለሥራዬ የሚሆን አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። የምሠራበት ድርጅት የቪዲዮ ጌም እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። አዲሱ ጌማችን "ክንፈ ነበልባል" ይባላል፤ ሰው በተዋጊ መንኮራኩር ጠፈር ላይ እየበረረ የሚታኮስበት ነው። በእኛም ቋንቋ ወጥቷል። የእኔ ሥራ ተጫዋቾች የሚሰጡትን አስተያየት እያነበብኩ፣ እየተረጎምኩ ለአለቆቼ ማቅረብ ነው። ጠረጴዛዬን ውሃ ማሞቂያው አጠገብ ስላደረጉት ሻይ ሊቀዳ የሚመጣ ሁሉ ትከሻዬን እየገፋ ያልፋል። ኮንትራቴም መጋቢት ላይ ያልቃል። በሚገባ ከሠራሁ ቋሚ ያደርጉኝ ይሆናል።

ችግሩ፣ ሰው ድረ ገጹ ላይ የሚጽፈው ወይ "አሪፍ" ነው ወይ ስድብ ነው። ከላውንደሪሽ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ጌም ቤት ጌሙን እንዳስገባ ሰምቻለሁ። እስቲ ገብተሽ ተጫዋቾቹን ጠይቂልኝ። ምኑን ወደዱ? ምኑ አስጠላቸው? ሳይሸነግሉ ይናገሩ።

ጋሼን ግን ወደዚያ ባታስገቢያቸው ይሻላል። ጫጫታው ያደክማቸዋል።

ጤናና ሰላም ከቤታችሁ አይራቅ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 6

ለማሙሽ፤

ጤና ይስጥልኝ። አድገህ ባለ ጠረጴዛ ከሆንክ በኋላ "ማሙሽ" ማለቴን አትቀየመኝ፤ በዚህ ቤት ሌላ ስም የለህም።

አባባ ያው ነው። ማንኪያ ይይዛል፤ አፉ ጋ እስኪደርስ ግማሹ ደረቱ ላይ ይቀራል። አንደበቱ እንደተዘጋ ነው። "እ" ይላል። እሺም "እ" ነው፣ እምቢም "እ" ነው፤ የምለየው በቅንድቡ ነው።

ያልከኝን አድርጌያለሁ። የጌም ቤቱን ባለቤት ሶኬት ነው የምንለው፤ ቀኑን ሙሉ የተቃጠለ ሶኬት ሲፈታና ሲገጥም ስለሚውል። "አስተያየት ነው የፈለግሽው? ቁጭ በይ!" አለኝና ሁሉንም ጠራልኝ። አገር አስተያየት አለው ለካ! ወንበር እንኳ ሳይለቁልኝ አንዱ ባንዱ ላይ ይጮህ ጀመር።

የሰፈሩ አንደኛ ተጫዋች ጭልፊት የሚሉት ጎማ ጠጋኝ ነው። "መንኮራኩሯ ስትታጠፍ ሲሚንቶ የጫነች መኪና ናት። እኔ መሪ አዙሬ ሳልጨርስ ጠላት ከኋላዬ ገብቶ ጉዳዩን ጨርሶ ይሄዳል" አለኝ። ፋርማሲ የምትሠራው ልጅ በምሳ ሰዓቷ እየመጣች ትጫወታለች። እሷ ደግሞ "ሚሳይሉ ሰነፍ ነው። ተኩሼ፣ ለደንበኛ ሽሮፕ ሸጬ ብመለስ እሱ ገና መንገድ ላይ ነው" አለች። "ከዋክብቱ ግን ሲያምሩ! አንዳንዴ ተኩሱን ትቼ ዝም ብዬ እዞራለሁ። ያኔ ይገድሉኛል።" አንድ ደላላ ደግሞ የጠላት ብዛት ፍትሕ የለውም ብሎ እኔን ተቆጣኝ፤ የላክኋቸው እኔ ይመስል።

ሁሉም የተስማሙበት አንድ ነገር ነበር። "አባ ማማ ብዙ ያወራል!"

"አባ ማማ ደግሞ ማነው?" አልኩ።

"ጦር ሰፈሩ ማማ ላይ ቁጭ ብሎ በሬዲዮ የሚመራን ሽማግሌ ነዋ" አለ ጭልፊት። ድምፁን አወፍሮ አስመሰለልኝ። "'ቀስ በል ልጄ። አፍንጫዋን ቀና አድርግ። አይዞህ፣ አየሁህ።' አሁን ሰው እየተተኮሰበት ቀስ ይላል?" ቤቱ በሳቅ አለቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

በማግስቱ የአንድ ጠበቃ ደንበኛዬን ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ እየተኮስኩ ነበር። አባባ መስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ከጀርባዬ "ቀስ በል ልጄ። አየሁህ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአባባ ድምፅ! አንደበቱ የተፈታ መስሎኝ "አባባ!" ብዬ ጮኼ ዞርኩ። አፉ ግጥም ብሏል። ዓይኑን በልጥጦ የሚያየው ግድግዳውን ነው። ድምፁ በግድግዳው ውስጥ ደግሞ መጣ። ወደ ልቤ ስመለስ የጠበቃው ኮሌታ ካውያው ሥር ተቃጥሎ ይጨሳል።

አሁን የእኔን አስተያየት ስማ። ባለፈው ዓመት መጥተህ ከአባባ ጋር በር ዘግታችሁ ስታወሩ፣ ስልክህን ለመቅጃ መሃላችሁ አስቀምጠህ "ለማስታወሻ ነው እትዬ፣ ለልጅ ልጅ" ብለኸኝ ነበር። የልጅ ልጅህ ጭልፊት ነው እንዴ?

መልስህን እጠብቃለሁ። በቶሎ።

እህትህ


ኅዳር 11

ለውድ እትዬ፤

በመዘግየቴ አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ልነግርሽ ነበር፤ ቀን እየቆጠርኩ ሳለ ቀኑ አለፈኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማማው ሰው ድምፅ መጀመሪያ አንድ ተዋናይ ተቀጥሮ ነበር። ሰውየው ባንክ ቤት ወረፋ የሚጠራ ይመስላል። ስብሰባ ላይ "እውነተኛው የማማ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው" ብዬ የጋሼን ድምፅ ከስልኬ አሰማኋቸው፤ ለምሳሌ ያህል ብቻ። ቋንቋውን የማያውቁት እንኳ ወደ ስልኬ ተጠጉ። አለቃዬ "በቃ፣ ይህ ሰው ይሁን" አለች። ወረቀት ሰጡኝ፣ ፈረምኩ። ጋሼ ያኔ ሆስፒታል ነበሩ። አንቺን በዚያ ጭንቅ ላይ ስለ ወረቀት ማነጋገር ነውር መሰለኝ።

እትዬ፣ ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ማረፊያ ማማ ላይ ተቀምጠው ስንቱን ሰው በሰላም አሳረፉ፤ ማን አወቀላቸው? ጡረታ ሲወጡ የግድግዳ ሰዓት ነው የሰጧቸው። ዛሬ ግን ስንትና ስንት ሰው ድምፃቸውን ይሰማል። ለክብራቸው ነው ያደረግኩት። ቆይተሽ ታመሰግኚኛለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ያሰባሰብሽልኝ አስተያየት በጣም ጠቅሞኛል፤ የመንኮራኩሯን ክብደት ለመሐንዲሶቹ ነግሬያለሁ። ስለ ድምፁ ግን ትንሽ ዘርዘር አድርገሽ ጻፊልኝ። "ብዙ ያወራል" ያሉት ሁሉም ናቸው ወይስ ጥቂቶቹ? የሚያናድዳቸው ርዝመቱ ነው ወይስ ዝግታው?

ጋሼን ስለ እኔ ግንባራቸውን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 25

ለማሙሽ፤

ልሰድብህ ወረቀት ካወጣሁ ሰንብቻለሁ። አባባ ነው ስድቤን ያበላሸብኝ።

ደብዳቤህ በደረሰ ሰሞን ከምሳ በኋላ ዱላውን ይዞ ወጣ። ሽንት ቤት የሄደ መስሎኝ ነበር። ሲቆይብኝ ብፈልገው ጌም ቤት ተቀምጧል። ሶኬት ደህናውን ወንበር ሰጥቶት፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎለት! አባባ እንባው ይወርዳል፤ ደግሞ ይስቃል። ሲስቅ የሚታዘዘው ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው።

"አባታችን ጌም ይወዳሉ እንዴ?" አለኝ ሶኬት።

"አባ ማማ እኮ እሱ ነው" አልኩት።

ማን ይመነኝ! ጭልፊት "እትዬ ደግሞ ዛሬ ቀልድ ጀመረች" አለ። የፋርማሲዋ ልጅ ግን አባባ ፊት በርከክ ብላ "አባቴ፣ 'አፍንጫዋን ቀና አድርግ' ሲባል እንዴት ነው?" አለችው። አባባ ግራ እጁን ዘረጋ። ከማዳመጫው ድምፁ ሲመጣ መዳፉን ከድምፁ ጋር ቀስ አድርጎ አነሳው። በቃ። ጭልፊት ኮፍያውን አወለቀ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በየቀኑ ይሄዳል። ወንበሩን የሚነካበት የለም። ሲሳሳቱ በዱላው መሬቱን ይመታል። ጭልፊት እንኳ ተኩሱን ገታ አድርጎ "እሺ አባቴ፣ ቀስ አልኩ" ማለት ጀምሯል። ስለ ድምፁ የጠየቅከኝን ከፈለግክ፣ "ያው ብዙ ያወራል፤ ግን እውነቱን ነው" ብሏል። ይህን ጻፍና ለአለቃህ ስጣት።

ያደረግከው ልክ ነው አላልኩም። ሳትጠይቅ የወሰድከው ነገር አባባን ደስ ስላሰኘው ብቻ ነው አፌን የያዝኩት። አንተ "ጋሼ፣ እሳቸው" እያልክ ታከብረዋለህ፤ እኔ "አንተ" እያልኩ አጥበዋለሁ። ወረቀት ሲፈረም ግን መጠየቅ የነበረበት የሚያጥበው ነው።

አሁን ጥያቄው የእኔ ነው። አንደበት የምታለማምደው ባለሙያ "የድሮ ድምፃቸውን እየሰሙ ቢከተሉት ምላሳቸው መንገዱን ያስታውሳል" ብላናለች። ከአንተ በቀር ድምፁን የቀዳ የለም። ጌም ቤቱ ውስጥ ደግሞ በተኩስ መሃል ነው የሚሰማው። የቀዳኸውን ሙሉውን ላክልኝ። ስለ እናቴ ያወራውም ካለ አብረህ።

ደግሞ አንድ ነገር። የጌሙ መጨረሻ ላይ አባባ የሚናገራት አለች አሉ። ልጆቹ መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወቱ ሁሉ እየጮኹ የሚሏት፣ "አትመለስ ልጄ! እዚህ መሬት የለም!" የምትል። እኔ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ምን ሲያወራ ነው ያላት? እሱ እዚያ ምዕራፍ ገና አልደረሰም፤ ከመጀመሪያው ነው አብሯቸው እየሄደ ያለው።

ጤና ይስጥህ።

እህትህ


ታኅሣሥ 20

ለማሙሽ፤

ደብዳቤዬ ደርሶህ ይሆን? ባለሙያዋ በመጣች ቁጥር "ድምፁስ?" ትለኛለች። "ዘመዳችን እየላከው ነው" እያልኩ አፍሬ ማለቄ ነው። አልችልም ካልክም አልችልም በል።

እህትህ


ጥር 3

ለተከበርሽ እትዬ፤

መልካም ጤንነት ለመላው ቤተሰብ እመኛለሁ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። እዚህ የዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ስለሆነ ራሴን እንኳ ማግኘት አልቻልኩም።

የቀዳሁትን በሚመለከት ጉዳዩ እንደምታስቢው ቀላል አይደለም። በፈረምኩት መሠረት ድምፁ አሁን የድርጅቱ ነው። ለሌላ ሰው አሳልፌ ከሰጠሁ ሥራዬን ሊያሳጣኝ ይችላል። ቢሆንም ጠይቄ አሳውቅሻለሁ። እስከዚያው ባለሙያዋ በሌላ መንገድ ብትሞክር።

ስለዚያች ንግግር ለጠየቅሽኝ፣ ከወሬ መሃል የወጣች ነገር ናት። ሥራ ላይ ያጋጠማቸውን ሲያጫውቱኝ ይመስለኛል፤ በደንብ አላስታውስም። እዚህ ግን ሁሉም ወዷታል።

ደግሞ አደራ፣ ጋሼ የመጨረሻውን ምዕራፍ ባያዩት ጥሩ ነው። ብልጭታ ይበዛበታል። ለእንደሳቸው ያለ ሕመምተኛ አይመከርም።

ከሌሎች ቦታዎችም ስለ ድምፁ ብዙ አስተያየት እየመጣ ነው። እንደ ሶኬት ቤት ሰዎች አይደሉም፤ እነዚህ ጋሼን አያውቋቸውም።

ወንድምሽ


የካቲት 2

ለማሙሽ፤

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

በደንብ አላስታውስም ያልከውን እኔ ላስታውስህ።

ከትናንት ወዲያ ዝናብ ነበር፣ ደንበኛም አልነበረኝ። አባባ እንደ ልማዱ ጌም ቤት ገባ። ለሶኬት "ብልጭታ አለው ተብሏልና መጨረሻውን አታሳየው" ብዬው ነበር። ጭልፊት ግን ከአባባ ጋር ከመጀመሪያው የጀመረውን ይዞ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረሰ። "ይህን ሁሉ መንገድ አብረውኝ በረው መጨረሻውን ሳያዩ? አይሆንም" አለ። ክፋት የለበትም፤ ያከበረው መስሎት ነው።

እዚያ ምዕራፍ ላይ ጦር ሰፈሩ ይቃጠላል፣ ጭስ ሁሉን ይሸፍነዋል፣ አንዲት የቀረች መንኮራኩር ልመለስ ትላለች። ይህን አንተ ታውቀዋለህ። ያን ጊዜ የአባባ ድምፅ ይመጣል። ልማዳቸው ስለሆነ ቤቱ ያለው ሁሉ እጁን አንስቶ አብሮ ጮኸ። "አትመለስ ልጄ! እዚህ መሬት የለም!" እኔ በግድግዳው ሰማሁት። ቀጥሎ የሰማሁት የአባባን ጉሮሮ ነው። የታነቀ ከብት ድምፅ ነበር።

ሮጬ ስገባ ማዳመጫውን አውልቆ ጥሎ፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ፣ በዱላው ስክሪኑን ይመታል። ማንም ሊይዘው አልደፈረም። ጭልፊት "ምን አደረግን? አባቴ ምን በደልን?" እያለ ያለቅሳል። እቤት ካመጣሁት ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ምግብ የምሰጠው በልመና ነው።

የእሳት አደጋ መኪና ሹፌር የነበረውን የድሮ ባልደረባውን ጠራሁት። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

"ምን ብሎ ሲናገር ሰማ አልሽኝ?"

ነገርኩት።

"ማነው እንዲህ ያለ?"

"እሱ ራሱ። የራሱ ድምፅ ነው።"

"ያኔ አንቺ አልተወለድሽም" አለኝ ሽማግሌው። "የነዳጅ ማከማቻው ተቃጥሎ ጭሱ ሜዳውን ዋጠው። አንድ ልጅ እግር አብራሪ ብቻውን በትንሽ አውሮፕላን ተመልሶ መጣ። ልውረድ ይላል። አባትሽ አትመለስ፣ ወደ ሌላው ማረፊያ ሂድ አለው። ትክክል ነበር፤ ማንም ቢሆን ይኸንኑ ነው የሚለው። ልጁ ሄደ። አልደረሰም።"

"ነዳጅ አልቆበት?"

"ነዳጅ አልቆበት። አባትሽ እስከ መጨረሻው ሲያናግረው ነበር። ልጁ ዝም ካለ በኋላም ባዶ ሬዲዮ ሲያናግር ቆይቶ፣ እኛ ነን በጉልበት ከማማው ያወረድነው።" ባርኔጣውን አዞረ፣ አዞረ። "እዚያው ለነበርኩት ለእኔ እንኳ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አንስቶልኝ አያውቅም። ይህን ደግሞ ለማን ነገረ?"

ለአንተ ነዋ። በር ዘግቶ። ለእኔ፣ ለልጁ ያልነገረውን ለአንተ ነገረህ። አንተ ሙዚቃ አስገባህበት።

አባባ ራሱ መልስ አለው። ስልኬን ሰጥቼው በግራ ጣቱ ፊደል እየነካ ጻፈ። ጌሙ አስተያየት ስጡ በሚልበት ገጽ ላይ እንደ ማንኛውም ተጫዋች አስገብቼለታለሁ። እንዲህ ይላል። "ጌሙ ጥሩ ነው። መንኮራኩሯ ትከብዳለች፤ እውነተኛዋም ትከብዳለች። መጨረሻ ላይ ያለችውን ንግግር አውጡልኝ። ሌላው ይቆይ፤ ለልጆቹ ይጠቅማል።"

አስተያየት የምታነበው አንተ ነህ። በሩ ላይ የቆምከው አንተ ነህ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም፤ ቅጂውም ይቅር። ይህችን አንዲት ንግግር አስወጣ።

እህትህ


መጋቢት 29

ለተከበርሽ እትዬ፤

ለጋሼ ምሕረት፣ ለአንቺም ብርታት እመኛለሁ። በመዘግየቴ ልትፈርጂብኝ ትችያለሽ፤ ውሳኔው እስኪታወቅ መጻፍ አልፈለግኩም።

የጋሼ አስተያየት ደርሶኛል። ቃል በቃል ተርጉሜ ከሌሎቹ ጋር አቅርቤዋለሁ። የማን እንደሆነ አልጠቀስኩም፤ የዘመድ ጉዳይ ሆኖ እንዳይታይ ብዬ ነው። ይህን እንደምትረጂልኝ አምናለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ። ከየቦታው የመጣው አስተያየት ከባድ ነበር። "ሽማግሌው ያስተኛል"፣ "ጆሮዬን በላው"፣ "አያቴን ጭኜ የምበር መሰለኝ" የሚል ነው። ሁሉንም የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ላለሳልሰው አስቤ ነበር፤ ግን የተቀጠርኩት ለማለሳለስ አይደለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ማሻሻያ የማማው ድምፅ በሌላ ይተካል። ወጣት ተዋናይት ናት፣ ፈጣን ናት።

የመጨረሻዋ ንግግር ግን ባለችበት ትቆያለች። ተጫዋቾች ከጌሙ ሁሉ አብልጠው የወደዷት እሷን ነው። ማስታወቂያው ላይ ገብታለች፣ ካናቴራም ላይ ታትማለች። ለአለቃዬ "ይህች ንግግር ታሪክ አላት" ብዬ ጀምሬላት ነበር። "እንዲህ የምታንቀጠቅጠው ለካ ለዚህ ነው!" ብላ በጣም ደስ አላት። ከዚያ በኋላ ልቀጥል አልቻልኩም።

የቀዳሁትም ቢሆን በእጄ የለም። ስፈርም ከስልኬ እንዳጠፋው ታዝዤ አጥፍቼዋለሁ። ጥር ላይ ልነግርሽ አልደፈርኩም።

እትዬ፣ በእኔ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልሆነ ነበር፤ ግን ውሳኔው የእኔ አይደለም። ለተሰበረው ስክሪን ሶኬትን ይቅርታ በይልኝ።

ከዚህ ወር ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ሆኛለሁ። ጠረጴዛዬንም መስኮቱ አጠገብ አድርገውልኛል። ደስ የሚልሽ ከሆነ ብዬ ነው።

ወንድምሽ


ግንቦት 12

ለማሙሽ፤

ለቋሚነትህ እንኳን ደስ አለህ። ደስ የሚለው ሰው አጠገብህ ይኖር ይሆናል።

ማሻሻያው የደረሰ ቀን ሶኬት ደጄ ላይ መጥቶ ቆመ። "እትዬ፣ ጌሙ ራሱን አደሰ። አባ ማማ የለም። አንዲት ሴት 'ግራ! ቀኝ! ተኩስ!' ትላለች" አለኝ። ድምፁን እሱ ያወጣው ይመስል ዓይኔን ሊያየኝ ፈራ። ጭልፊትን "እንዴት ነው ታዲያ?" ብዬ ጠየቅኩት። መሬት መሬቱን እያየ "ውሸት አልናገርም እትዬ። ለጌሙ ይሻላል" አለኝና ገብቶ ተቀመጠ። አልፈረድኩበትም። አስተያየት ሰጠ እንጂ ሌላ ምን አደረገ?

ሶኬት ለአባባ ሲል ድምፁን ዘግቶ ማጫወት ሞክሮ ነበር። ደንበኛው ሁሉ ወደ ማዶው ጌም ቤት ሲሸሽበት መልሶ ከፈተው። ቤተሰብ አለው። እኔ የመተኮሻ ጠረጴዛዬን ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወርኩ። ዋጋ የለውም፤ አንዱ ጎበዝ ጌሙን በጨረሰ ቁጥር ያቺ ንግግር ትመጣለች። "አይዞህ" የለም፣ "አየሁህ" የለም። ከሰውየው ያስቀራችሁት እሷን ብቻ ነው። አዲስ የመጡ ተጫዋቾች "የሚጮኸው ሰውዬ" ይሉታል። አባ ማማ የሚለውን ስም አያውቁትም።

ስለ አባባ ልንገርህ፤ ከዚህ በኋላ የምነግርህ ስለሌለ።

ባለሙያዋ ያለ ቅጂም ቢሆን አልተወችውም። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት አባባ "ውሃ" አለ። ጥርት አድርጎ። እኔ እልል እንዳልል እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እሷ "አንድ ቃል ከመጣ ሌላው ይከተላል" ብላ ተስፋ ሰጠችን። "ልብስ" አለ። "በር" አለ። የእኔንም ስም ሞከረ፤ ግማሹ ወጣለት። ባለሙያዋ አብሯት በየቀኑ እንዲለማመድ ቃላት መረጠችለት። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ እሷ እየጠራች እሱ እየተከተለ። በዚያ መሃል ያቺ ንግግር ከግድግዳው ማዶ መጣች። ልጆቹ አብረው ጮኹ።

አባባ አፉን ገጠመ። ባለሙያዋ "እንቀጥል አባቴ" አለችው። ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱም፣ በሳምንቱም ነቀነቀ። ጉሮሮውን መርምራ "ይችላሉ። ያልፈለጉት እሳቸው ናቸው" አለችኝ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። በመጨረሻ ስልኬን ተቀብሎኝ በግራ ጣቱ ጻፈ። "የተናገርኩት ይበቃኛል።"

ባለሙያዋን አሰናበትናት።

አሁን ውሃ ሲጠማው ብርጭቆውን በጣቱ ይነካል። እኔም እቀዳለታለሁ።

የአጎትህ ልጅ